ፊቱ ያልተሸፈነው ተሸካሚ

የሥዕሉ ሸራ የበሩን መቃን ለጥቂት ስቶ ወደ መንገዱ ወጣ። አራቱ ተሸካሚዎች ነጭ ቆባቸውን እስከ ደረታቸው አጥልቀው በሁለት የዓይን ቀዳዳ ብቻ እያዩ ስለሚሄዱ አንዱ የሌላውን ተረከዝ ይረግጣል። ከኋላቸው ሠዓሊው ማስትሮ ሴቬሮ እጁን እያወናጨፈ ይጮኻል።

«ወደ ላይ! ወደ ላይ ያዙት! ቀለሙ አልደረቀም ብያችኋለሁ እኮ! ጣቱን ያሳረፈበትን ሰው ጣቱን ነው የምቆርጠው!»

«ጣታችንን ከቆረጡት በምን እንሸከምልዎት፣ ማስትሮ?» አለ ከፊት በስተቀኝ ያለው። ድምፁ ከቆቡ ውስጥ ታፍኖ ነው የወጣው።

ድያኖራ ከሠዓሊው ጀርባ ሆና በልቧ ሳቀች። ተናጋሪው መኮሮኒ ሠሪው ቢያጆ ነው። ፊቱን ማየት አያስፈልጋትም። የመልካም ዕረፍት ማኅበርን ቆብ ሁሉ የምትሰፋው እሷ ስለሆነች፣ የቢያጆን ወፍራም አንገት ለማስገባት ከጎን የቀጠለችውን ቁራጭ ጨርቅ ከሩቅ ትለየዋለች። የማኅበሩ ወንድሞች የድሃ አስከሬን ተሸክመው ሲያልፉ የናፖሊ ሕዝብ የሚያየው ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው። እሷ ግን ስፌቷን እያየች እገሌ ነው፣ እገሌ ነው ትላለች፤ በልቧ። ለሰው ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ዛሬም አንድ ቆብ ይዛለች። አዲስ ነው፤ ታጥቦና ታጥፎ ከሽርጧ ሥር ተሸሽጓል። ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ማስትሮ ሴቬሮ ይህን ቆብ ፊቱ አስቀምጦ እያየ፣ በሥዕሉ ውስጥ ባለ አንድ ሰው ፊት ላይ ሊሥለው ነው። ያ ሰው ባሏ ነው።

የወረርሽኙ መቅሠፍት ከተማውን ባጎደለው በዓመቱ፣ የተረፉት የማኅበሩ አባላት ለምስጋና የሚሆን ሥዕል ለቤተ ክርስቲያናቸው ሊሰጡ ስለት ገብተው ነበር። የመረጡት ከወንጌል የናይንን መበለት ነው፤ አንድ ልጇ ሞቶባት ከከተማው በር ሲወጣ ጌታ አይቷት «አታልቅሽ» ያላትን፣ ቃሬዛውንም ነክቶ ልጇን የመለሰላትን። ሠዓሊው ለመበለቲቱ የምትሆን ሴት ሲያፈላልግ ድያኖራን አስጠራት። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋርዶ ለብርሃን አንዲት ቀዳዳ ብቻ በተወበት ክፍል ውስጥ አቆማት።

«በይ አልቅሺ» አላት በመጀመሪያው ቀን።

«አልችልም፣ ጌታዬ።»

«ምነው? ሐዘንተኛ ነሽ ብለውኝ እኮ ነው የጠራሁሽ።»

«እኔ ሰው ፊት አላለቅስም።»

ሠዓሊው ብሩሹን በጥርሱ ነከሰ። ከዚያ በትከሻዋ ይዞ አዞራትና ጀርባዋን ሣለው። ስለዚህ የናይን መበለት ፊቷ አይታይም። ከጨለማው ውስጥ የሚወጣው ማጅራቷና ሻርፗን አጥብቆ የጨበጠው እጇ ነው። ከላይ የሚወርደው ብርሃን እዚያ እጅ ላይ ያርፍና አልፎ ወደ ጌታ እጅ፣ ከጌታ እጅ ወደ ቃሬዛው ይሄዳል። ቃሬዛው ላይ ልጁ ገና አልተነሣም። ዓይኑ ብቻ ነው መገለጥ የጀመረው።

አንድ ቀን ሥራው አልቆ ዘወር ስትል፣ ቃሬዛውን ከያዙት ሰዎች መካከል ኦኖፍሪዮን አየችው። ያው ራሱ፤ የተሰበረው አፍንጫው፣ ከከንፈሩ በላይ ያለችው ጠባሳ። ባለበት ቆሞ ጌታን በመገረም ያያል። ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ታውቂዋለሽ እንዴ?» አላት ሠዓሊው።

«ባሌ ነው።»

ማስትሮ ሴቬሮ ብሩሹን አስቀመጠና አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌ ነው፤ ለመቀመጥ ጊዜ ወሰደበት። ሚስቱ በመቅሠፍቱ ሰኔ እንደ ሞተች፣ ጎረቤት ሁሉ በሩን ዘግቶ ሳለ አንድ ባለ ነጭ ቆብ ብቻውን መጥቶ በአንሶላ ጠቅልሎ እንደ ወሰደለት ነገራት።

«ግቢው ውስጥ ካለው ጉድጓድ ውኃ ቀድቼ ሰጠሁት። ለመጠጣት ቆቡን ገለጥ አደረገ። ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ጠጣና ‹እግዚአብሔር ይስጥልኝ› አለኝ። እሱ ነው እኔን ያመሰገነኝ! እኔ አንድ ቃል ሳልናገር ሄደ። ስሙን እንኳ አላውቀውም።»

«ኦኖፍሪዮ ነው ስሙ» አለች ድያኖራ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወደዚያ ክፍል ስትሄድ ቀድማ ነበር የምትደርሰው።

ኦኖፍሪዮ መርከበኛ ስለ ነበር በከተማው ብዙም አይታወቅም። የሚያውቁት የግቢያቸው ሰዎች ከእሷ በቀር አልቀዋል። ልጃቸው ኤርሞ በዚያው ሰኔ ሲሞት፣ አባትየው ቆቡን አጥልቆ ልጁን በክንዱ ታቅፎ ወጣ። ድያኖራ «ዛሬስ እንኳ ቆቡን ተወው» ብትለው፣ «ለሰው ልጅ ያጠለቅሁትን ለልጄ ላወልቀው?» ነበር መልሱ። በመንገድ ያየ ሰው አንድ የማኅበር ወንድም የአንድ ድሃ ልጅ ይዞ ሲሄድ ነው ያየው። በሐምሌ እሱ ራሱ ታመመ። ሲሞት የሚሸከም ወንድም አልቀረም ነበርና ጋሪ መጣ። ጋሪው ከከተማው በስተሰሜን ወዳሉት የድንጋይ ዋሻዎች ሄደ። ከኋላው መከተል ክልክል ነበር። ሻማ አልበራለትም፤ አበባም አልተበተነለትም።

እንግዲህ የኦኖፍሪዮ ፊት በዚህ ምድር ላይ ያለው እዚያ ሸራ ላይ ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት የማኅበሩ አለቃ ዶን አስካኒዮ ሥዕሉን ለማየት መጡ። በሕይወት ዘመናቸው ሁሉ ዳኛ የነበሩ፣ ቀጭን፣ ንግግራቸውን የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆሙ፤ አማተቡም። ከዚያ በከዘራቸው አመለከቱ።

«ይኼ ኦኖፍሪዮ ነው።»

«እሱ ነው፣ አለቃ» አለ ሠዓሊው በኩራት።

«ይሸፈን።»

«ምን?»

«ማኅበራችን ከተመሠረተ ጀምሮ ወንድም ሲሸከም ፊቱ ታይቶ አያውቅም። ድሃ በሬሳውም የሰው ውለታ አይግባ ብለው ነው አባቶቻችን። የተሸከመልህን ሰው ካወቅኸው በመንገድ ባገኘኸው ቁጥር አንገትህን ስትደፋ ትኖራለህ። ይሸፈን።»

«አለቃ፣ ይኼ እኮ ናይን ነው! በናይን ቆብ የለም!»

«ኦኖፍሪዮም በናይን አልነበረም» አሉ ዶን አስካኒዮ። ከዚያ ወደ ድያኖራ ዞሩ፤ ድምፃቸው ለዘብ አለ። «ልጄ፣ አንቺ ፍረጂ። ኦኖፍሪዮ ዛሬ እዚህ ቆሞ ቢሆን ምን ይል ነበር?»

ድያኖራ ሥዕሉን አላየችም። ሥዕሉን ካየች እንደምትዋሽ ታውቃለች።

«‹ቆቡን አምጪ› ይለኝ ነበር» አለች።

ሥዕሉ የሚባረከው በሠርክ ጸሎት ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ነጭ ቀለምና ብሩሹን በኮሮጆ ይዞ፣ እሷም ቆቡን ከሽርጧ ሥር ይዛ፣ ሥዕሉን ተከትለው ወጡ።

ከሠዓሊው ቤት እስከ ማኅበሩ ቤተ ክርስቲያን መንገዱ ወደ ወደቡ ይወርዳል። ሸራው በቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ አራቱ ወንድሞች በጎኑ አቁመው ይዘውት ቀስ እያሉ ወረዱ። ማዕዘኑን ሲታጠፉ ግን የባሕር ነፋስ አገኛቸው። ሸራው እንደ መርከብ ሸራ ተነፋ። ቢያጆ እግሩ ከመሬት ተነቅሎ ወደ ኋላ ተጎተተ።

«እናስተኛው!» አለ ቢያጆ።

«አይሆንም! በጭራሽ!» ጮኸ ማስትሮ ሴቬሮ።

«ማስትሮ፣ እንደ ቆመ ከሄደ እኮ ሲሲሊ ነው የምንደርሰው!»

መልስ አልጠበቁም። ፊቱን ወደ ሰማይ አድርገው አጋደሙትና የክፈፉን አራት ማዕዘን በየትከሻቸው አሳረፉ። የዚያን ጊዜ አንድ ነገር ሆነ። እስከዚያ እርስ በርስ ሲረጋገጡ የነበሩት ሰዎች እርምጃቸው አንድ ሆነ። ማንም «ቀኝ» ወይም «ግራ» አላለም። ይህ ትከሻቸው የሚያውቀው ሸክም ነው፤ ሸራውንም እንደ አስከሬን ግርጌውን አስቀድመው ያዙት። ሠዓሊው ለመጮኽ አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ዘጋው።

መንገዱ ጠባብ ነው። በግራና በቀኝ ቤቶቹ ተደራርበው ቆመዋል፤ በየፎቁ በረንዳ፣ በየበረንዳው የታጠበ ልብስና የአበባ ማሰሮ አለ። ከታች የሚሄድ ሰው የሸራውን ጠርዝ ብቻ ነው የሚያየው። ከላይ የሚያይ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው የሚያየው። አራት ባለ ነጭ ቆብ የመልካም ዕረፍት ወንድሞች በትከሻቸው ላይ አንድ ገርጥቶ የተጋደመ ልጅ ይዘው፣ በኋላቸውም ጥቁር የለበሰች ሴት አስከትለው ሲወርዱ ያያል።

መጀመሪያ ያየችው ሎሚ ሻጯ ዶና ፖሎኒያ ናት። በረንዳዋ ላይ ሎሚ ስታጥብ ነበር። እጇን ሳታደርቅ አማተበች።

«እመቤቴ ማርያም! ልጅ ነው!» አለች። ወደ ውስጥ ገብታም ከግድግዳዋ ሥዕለ ማርያም ሥር ያኖረችውን የጽጌረዳ ጉንጉን ይዛ ወጣች፤ በጣጥሳም በተነችው። የአበባው ቅጠል በነፋሱ እየተሽከረከረ ወርዶ ሸራው ላይ አረፈ። ቀይ ነበር።

«ኧረ ተዪ! አንቺ ሴትዮ!» ማስትሮ ሴቬሮ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «ቀለሙ እርጥብ ነው! ይጣበቃል!»

«ዝም በል አንተ ሽማግሌ! በሬሳ ፊት ይጮኻል እንዴ?»

«ሬሳ አይደለም! ሥዕል ነው!»

«ሥዕሉስ የምንድነው? የሬሳ አይደለም?»

«ሊነሣ ነው እኮ! ጌታ ሊያስነሣው ነው!»

«እሰየው! እስኪነሣ ድረስ እንሸኘዋ!» አለችና ሌላ እፍኝ ጨመረች።

ከማዶው በረንዳ ሳቁ። የሳቁት ሴቶች ግን ወዲያው ወደ ቤታቸው ገብተው ያገኙትን ይዘው ወጡ፤ የብርቱካን አበባ፣ ቢጫ የዱር አበባ፣ ሌላ ያጣችው ደግሞ የበሶብላ ቅጠል። በዚያ ሰኔና ሐምሌ በዚህ መንገድ ላይ ጋሪ እንጂ ቃሬዛ አላለፈም። ሕጉ መስኮት ዝጉ ይል ነበር። ሴቶቹ በተዘጋ መስኮት ጀርባ ሆነው የጋሪውን ድምፅ ነበር የሰሙት። አሁን መስኮቱ ክፍት ነው፤ ቃሬዛውም በቀን፣ በዝግታ፣ በሰው ትከሻ እያለፈ ነው። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። አበባው ብቻ ይወርዳል።

ቢያጆና ጓደኞቹ ፍጥነታቸውን ቀነሱ። ማንም አላዘዛቸውም።

ከየደጁ ሰው እየወጣ ተከተለ። ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሴቶቹ ጥቁር የለበሰችውን ሲያዩ ማን እንደ ሆነች ሳይጠይቁ ገለል ብለው አሳለፏት፤ ከቃሬዛው በስተኋላ ያለው ፊተኛ ቦታ የማን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። ዶና ፖሎኒያም በሽርጧ እጇን እየጠረገች ወረደችና ክንዷን በድያኖራ ክንድ ውስጥ አስገባች።

«ተደገፊኝ፣ እቴ። ቁልቁለት ነው።»

ድያኖራ ተደገፈች። ባሏን ወደ መቃብሩ እየሸኘች መሆኗን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። አንገቷን ቀና አድርጋ ሄደች። ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ ደረቷ ውስጥ ግን ዓመት ሙሉ ተጨብጦ የኖረ ነገር ጣቱን አንድ በአንድ ሲፈታ ተሰማት።

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል መጥራት ጀመረ። ደዋዩ ከላይ ሆኖ የመጣውን ሕዝብ ሲያይ የሚደውለው ለቀብር ይሁን ለበዓል ግራ ሳይገባው አልቀረም፤ ሁለቱንም አደባልቆ ደወለው።

ወንድሞቹ ሸራውን ወደ ውስጥ አስገብተው በመቅደሱ ደረጃ ላይ አቆሙት። ሲቆም ያልተጣበቀው አበባ ሁሉ ረገፈ። የተጣበቀው ቀረ። አበባው በጨለማው ላይ፣ በመበለቲቱ ትከሻ ላይ፣ በልጁ መግነዝ ላይ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ሠዓሊው እስከ ትናንት ሲነካካው በነበረውና ቀለሙ ጨርሶ ባልደረቀው ቦታ ላይ በዝቶ ነበር። ኦኖፍሪዮ ከግንባሩ እስከ አገጩ በጽጌረዳ ቅጠል ተሸፍኗል።

ዶን አስካኒዮ በመቅደሱ በር ቆመው ሲጠብቁ ነበር። ሥዕሉን አዩ፤ ሕዝቡን አዩ።

ማስትሮ ሴቬሮ ተንበረከከና በቀጭን ቢላዋ ጫፍ ቅጠሉን አንድ በአንድ ማንሣት ጀመረ። ሕዝቡ ተጠግቶ ያያል። ግንባሩ ወጣ። ከዚያ ዓይኖቹ ወጡ።

«እሱ ነው!» አለች ዶና ፖሎኒያ። ድምፅዋ ጣራው ድረስ ተሰማ።

ዶን አስካኒዮ ቀና አሉ። «ማነው እሱ?»

«እናቴን የወሰደልኝ ነዋ! እሱ ነው! በእናቴ አፈር እምላለሁ!»

«ስሙ ማነው?»

«ስሙን በምን አውቃለሁ? ቆብ አድርጎ ነበር እኮ!»

«ቆብ ካደረገ ታዲያ ፊቱን በምን አወቅሽው?»

«በዓይኑ ነዋ፣ ጌታዬ! የቆቡ ቀዳዳ ታዲያ ለምንድነው? ዓይኑን አየሁት። እንዲህ ነበር ያየኝ፤ ልክ እንዲህ።»

«እናትሽ በምን ጊዜ ነው ያረፉት?»

«በሚያዝያ መጨረሻ።»

ድያኖራ አንገቷን ደፋች። በሚያዝያ መጨረሻ ኦኖፍሪዮ ገና ከባሕር አልተመለሰም ነበር። ዶን አስካኒዮም ይህን ያውቃሉ።

«የለም፣ የኔን ወንድም የወሰደው ነው» አለ ከኋላ አንድ ሰው። «ቁመቱ ሲያስታውቅ!»

«የኔን እህት! እኔም ዓይኑን አይቻለሁ!» አለች ሌላዋ። ከበሩ አጠገብ የነበረች አሮጊት ደግሞ ሰው እየገፋች መጥታ የሥዕሉ እግር ሥር ተንበረከከች፤ በቃ እዚያው ቀረች።

ዶን አስካኒዮ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ሥዕሉ ቀረቡ። ጠዋት በዳኛ ዓይን ነበር ያዩት። አሁን ብዙ ቆሙ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ድያኖራን በእጃቸው ጠርተው ወደ ምሰሶው ጥግ ወሰዷት።

«ታናሽ እህቴን ማን እንደ ወሰዳት እስከ ዛሬ አላውቅም» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «አለቃ ነኝና ብጠይቅ ይነግሩኝ ነበር። ደንብ ነው ብዬ አልጠየቅሁም። አሁን ይኼን ሰው ሳየው... ኦኖፍሪዮ እንዳልሆነ እያወቅሁ አመሰገንሁት።»

ድያኖራ ቆቡን ከሽርጧ ሥር አውጥታ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«አባቶቻችን የፈሩት ውለታን ነው። ውለታ የሚገባው ደግሞ ለስም ነው። ስም ያልወጣለት ፊት እሱ ራሱ ቆብ ነው። ስሙን የምናውቅ ጥቂቶች ነን፤ ወንድሞች መሐላ አለባቸው፤ ሠዓሊውም ይምላል። የቀረሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ባሌ ነው ካልሽ፣ ለአንድ ሰውም ቢሆን፣ ነገ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ያን ጊዜ ይሸፈናል። ካላልሽ ግን ይኼ ቤተ ክርስቲያን እስካለ ድረስ ፊቱ አይሸፈንም። ከባድ ነገር እንደምጠይቅሽ አውቃለሁ።»

ድያኖራ ወደ ሥዕሉ ተመለከተች። ሠዓሊው የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች እያነሣ ነው። የተሰበረው አፍንጫ ወጣ፤ ከንፈሩ ወጣ። በጉንጩ ላይ አንዲት ቅጠል ቀለሙን ገፋ አድርጋ ደብዛዛ ምልክት ትታለች። ሠዓሊው ሊያስተካክላት ብሩሹን አነሣ፤ ጥቂት አየና ተዋት።

ከባድ ነው ወይ? ስትል ራሷን ጠየቀች። የሰውን ሁሉ ስፌት እያወቀች ለሰው ሳትናገር የኖረች ሴት ናት።

«ይሁን» አለች።

ማስትሮ ሴቬሮ ተነሥቶ ጉልበቱን እያሻሸ ወደ እነሱ መጣ። ዶን አስካኒዮ ራሳቸውን ነቀነቁለት። ፊቱ እንደማይሸፈን ገባው። ብሩሹን ወደ ኮሮጆው መለሰ። ከዚያ በድያኖራ እጅ ላይ ያለውን ቆብ አየ።

«እንግዲህ ይኼ ትርፍ ሆነ» አለ።

«ሆነ።»

«ማኅበሩ ሰው አንሶታል አሉ። ሽማግሌ ይቀበላል?»

ድያኖራ ራሱን ከጆሮው እስከ ጆሮው በዓይኗ ለካችው። «ይቀበላል። ግን ይኼ አይገባዎትም፤ ራስዎ ትልቅ ነው። አስፍቼ አመጣልዎታለሁ።»

ሻማው በራ፤ የሠርኩ ጸሎት ተጀመረ። ድያኖራ በሴቶቹ መካከል ተንበረከከች። ዶና ፖሎኒያ ጎኗ ናት፤ ሎሚ ሎሚ ትሸታለች። ዓይኗ ከሥዕሉ አልተነሣም። ድያኖራን በክርኗ ጎሰም አደረገቻት።

«ስሚ፣ እቴ» አለች በሹክሹክታ። «ያንቺንስ ማን ወሰደልሽ?»

ድያኖራ ቀና ብላ አየችው። እሱ ደግሞ ቃሬዛውን ይዞ፣ ፊቱ ተገልጦ፣ ጌታ ያደረገውን እያየ ቆሟል። ኤርሞን በክንዱ ታቅፎ ከደጃፋቸው የወጣባት ጠዋት ትዝ አለቻት።

«የኔንም የወሰደው እሱ ነው» አለች።

«እግዚአብሔር ይስጠው በያ!»

«እግዚአብሔር ይስጠው» አለች ድያኖራ።